የዘመድ ቤት ጆንያ

ሐረግ የወንድሟን የብረት በር ያንኳኳችው ልጇን ልትድር ነበር፤ በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ሚስት ግን ቆሻሻ ልትወስድ የመጣች መሰላት። እታገኘሁ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ አለችና፣ ፊቷን በቅጡ ሳታያት ወደ ውስጥ ተመለሰች። ወዲያው ሁለት ጆንያ እየጎተተች መጣች። «እንኳንም ማልዳችሁ መጣችሁ ሐረጌ! ትናንት ጋሪያችሁ ካለፈ በኋላ የወጣ ነው፤ ግቢው ሳይጸዳ እንግዳ ይደርስብኛል ብዬ ስጨነቅ ነው ያደርኩት» አለችና የአንደኛውን ጆንያ አፍ በእጇ አስጨበጠቻት። ሐረግ ከአሮጌው ጋቢዋ ሥር ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ጎረቤት ለምና በካውያ ያስተኮሰችው፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ቀሚስ ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ብታሳይ ነገሩ ያን ጊዜውኑ ይቃና ነበር። «እትዬ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት…» ብላ ጀመረች። እታገኘሁ ግን ወጥ ጥዳ እንደመጣች ሰው ፊቷን ወደ ኩሽናው አዙራለች። «በይ በርቺ፤ እኔም ሥራዬ ብዙ ነው። ማታ የተረፈ ነገር እልክልሻለሁ» አለችና በሩን ዘጋችው። የመቀርቀሪያው ድምፅ ከተሰማ በኋላም ሐረግ ጆንያውን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። መልሳ ላንኳኳ ብላ እጇን አነሣች። ከዚያ አንዱን ጆንያ አዘለች፣ ሌላውን አንጠለጠለችና ቁልቁል ወረደች።

ዛሬ የአጅባር ሽማግሎች ለመጨረሻ ቃል የሚመጡበት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ መጥተው «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ተብለው ተመልሰዋል። ሁለቱንም ጊዜ ሐረግ የሰማችው ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ እንግዳው ድንገት ስለመጣ ነው አሏት፤ ሁለተኛውን ምንም አላሏትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የዛሬው ግን ልጅ የሚሰጥበት ነው። ልጅቱ የኔአለም አባቷ ከሞተ ወዲህ በአጎቷ በአምባቸው ቤት ነው ያደገችው፤ ያስተማራት እሱ ነው፤ ነርስ ሆና አጅባር ስትመደብ ሻንጣ ገዝቶ አውቶቡስ ላይ ያሳፈራት እሱ ነው። ሐረግ ይህን አትክድም። ስለዚህም በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ሆኖም ሽማግሌ ቆሞ «ልጃችሁን ስጡን» ሲል ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ «እሺ» ማለት የእሷ መሆኑን ለማንም ማስረዳት የሚያስፈልጋት አይመስላትም ነበር፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነውና። ከዚህ በቀር ከዚያ ቤት የምትፈልገው ነገር የላትም።

ሐረግና የማኅበሯ ሴቶች ቆሻሻ የሚለዩበት መጠለያ ከከተማው ዳር፣ ሥራ ካቆመው ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሸራ ተወጥሯል፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ወለሉ ዳርና ዳሩን ረግረግ ነው። ዓርብ ዓርብ የማኅበሩ ሴቶች በጋሪ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስባሉ፤ ቅዳሜ ይለያል። ሰው ጆንያውን ከበሩ ካወጣ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እዚህ ነው የሚጀመረው። ጆንያው ሸራ ላይ ይዘረገፋል። መጀመሪያ የሚበሰብሰው ይወጣል፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የተበላሸ እንጀራ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይሄዳል። አመዱ ለብቻው ይጠረጋል፤ ከሃይላንድ ጋር ከተደባለቀ ጠርሙሱን ያጠቁረዋልና። ሃይላንዱ ክዳኑ ይፈታል፣ ወረቀቱ ይላጣል፣ ውኃው ይደፋል፣ ተረግጦ ይጨፈለቃል። ነጩ ለብቻ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው ለብቻ፤ ባለ ቀለሙን ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ነው የሚወስደው። ክዳኑ፣ የተሰበረው ሳፋ፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ የቅባቱ ዕቃ ደረቅ ፕላስቲክ ይባላል፤ እሱ ወደ ሌላ ክምር ይሄዳል። ካርቶን ፕላስተሩ ተልጦ ይዘረጋል። ፌስታልንና ዳይፐርን የሚገዛ የለም፤ እነሱ ይቀበራሉ። የተለየው በመኪና ክሪክ በሚሠራ መጭመቂያ ተጨፍልቆ፣ በሽቦ ታስሮ፣ መንገድ ክፍት ሲሆን በአይሱዙ ወደ ኮምቦልቻ ይጫናል። መንገድ ሲዘጋ ግን ለወራት ይከመራል፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ በክምሩ መካከል በቀጭን መንገድ እየተላለፉ ይሠራሉ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ገመድና የፍራሽ ሙሌት ይሆናል ሲባል ይሰማሉ። ያየችው የለችም።

ሀሊማና በዛች ቀድመው ደርሰው ሸራቸውን ዘርግተዋል። ሀሊማ ሐረግን ከሩቅ ስታይ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ያ አላህ! የሙሽራዋ እናት ጆንያ አዝላ? ዛሬ አልመጣም ብለሽን የለም እንዴ?»

«ለጆንያው ሊድሩሽ ነው መሰል» አለች በዛች። «እኔ ግን ሽማግሌ ሆኜ እመጣለሁ፤ ጥሎሹ ሁለት ጀሪካን።»

ሐረግ ሳቀች። «ሰዓቱ ገና ነው፤ እስከዚያ ላግዛችሁ ብዬ ነው» አለች። ጋቢዋን አጥፋ ምስማር ላይ ሰቀለች፣ በነጩ ቀሚስ ላይ የሥራ ካፖርቷን ደርባ እስከ አንገቷ ቆለፈችው። ሀሊማ ጆንያዎቹን አየች፤ የአምባቸው ቤት ጆንያ አፉ ሁልጊዜ በሰማያዊ የስሚንቶ ከረጢት ክር ስለሚታሰር ይለያል፤ ሰውዬው የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ምንም ሳትናገር ጎትታ ወደራሷ ሸራ ወሰደቻቸው። ሕጋቸው ነው። የዘመዷን ቤት ጆንያ ማንም ራሷ አትከፍትም፤ ሌላዋ ትከፍታለች፤ የከፈተችውም ያየችውን አትናገርም፣ ከማን ቤት ምን እንደወጣ አታወራም። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት አንዲቷ ከእኅቷ ቆሻሻ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ አግኝታ ለእኅቷ ባል ተናግራ፣ ያ ቤት ፈርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቃል የተስማሙበት ነገር ነው፤ የጻፈው የለም፤ ያፈረሰውም የለም። ቆሻሻ ስለቤቱ ብዙ ያወራል፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ተደብቆ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቤት ሥጋ ከገባ ስንት ጊዜው እንደሆነ። እነሱ ሁሉንም ያውቃሉ፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን «እንዴት አደራችሁ» ብለው ያልፋሉ።

ሐረግ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ጆሮዋ ግን አልታዘዘላትም። ሲዘረገፍ የእንቁላል ቅርፊት ተንኮሻኮሸ፤ ብዙ ነው። የካርቶን ድምፅ ሰማች፤ ገልመጥ ስትል የአዲስ ብርጭቆ ካርቶን ነው፣ ባለ ወርቅ ቀለም ጠርዝ። የአዲስ መጋረጃ መጠቅለያም አለ። ለልጄ ነው ይህ ሁሉ፣ አለች በልቧ፤ ሌላው ቢቀር ወንድሜ ለልጄ አልሰሰተም። የጠዋቱንም ነገር በዚሁ ረሳችው። ሴትዮዋ እንግዳ ይዟት ነው፤ ሰው ሲጨነቅ ማንን ያያል? ከዚያ በኋላ የሀሊማ እጅ ቆመ። የሀሊማ እጅ አይቆምም ነበር፤ እያወራችም፣ እየሳቀችም፣ እያለቀሰችም ትለያለች። ሐረግ ዞር ስትል ሀሊማ አንድ ነገር በካርቶኑ ሥር ስትሸሽግ ደረሰችባት።

«ምንድን ነው?»

«ምንም። ሥራሽን ሥሪ።»

«ሀሊማ።»

«ሕጉን አታውቂውም?» አለች ሀሊማ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቁጣ ሊሆንላት አልቻለም።

ሐረግ ተነሥታ ካርቶኑን አነሣችው። ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ክዳኑ ቀይ፤ የክዳኑ አንድ ጎን ምድጃ ነክቶት ቀልጦ ተኮማትሯል። ክብደቱን ሳታነሣው አወቀችው። ሮብ ዕለት የወሰደችላቸው ቅቤ ነው። ከገበያ አንዲት የወግዲ ሴት ይዛ የመጣችውን ለጋ ቅቤ አሽትታ፣ ጣቷ ላይ አሟሙታ፣ የተጠየቀችውን ሳትከራከር ሰጥታ የገዛችው፣ የኔአለም ለሽማግሌው ቀን ፀጉሯን ትቀባው ዘንድ ለእታገኘሁ በእጇ ያስረከበችው። እታገኘሁ በሁለት እጇ ተቀብላ «ምነው ተቸገርሽ» ብላት ነበር። ክዳኑን ከፈተችው። ላዩ ላይ ራሷ በማንኪያ ጀርባ ያለሰለሰችው ምልክት እንኳ አልተነካም።

ነገሩ ወዲያው አልገባትም ነበር። ቅቤ አይጣልም። የከረመ ቅቤ እንኳ ለወጥ ይነጠራል እንጂ አይጣልም። ዓይኗ ከተቃጠለው ክዳን ላይ ሲያርፍ ነው የገባት። ይህን ዕቃ ከዚሁ መጠለያ፣ ከደረቁ ፕላስቲክ ክምር ነው ያገኘችው፤ በበጋ ሀሊማ «ደህና ዕቃ ናት፣ ለጨው ትሆንሻለች» ብላ ወርውራላት ነበር። በፈላ ውኃ አጥባ፣ በአመድ አሽታ፣ በሎሚ ልጣጭ አሽታ፣ ፀሐይ ላይ አሰጥታ፣ ሽታ የሌለው አዲስ ዕቃ አድርጋው ነበር። ለእሷ ከቤቷ ካለው ዕቃ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ቅቤውን በፌስታል ቋጥሮ መስጠት ነውር መስሏት ነው በእሱ ያደረገችው። ሀሊማን አየቻት። ሀሊማ መሬት መሬት ታያለች።

«የእነሱ ቤት ዕቃ ነበር?» አለች ሐረግ።

ሀሊማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «በበጋው፣ ከማር ዕቃ ጋር የወጣ። ከማን ቤት እንደወጣ አንናገርም ተባብለናል፤ አልተናገርኩም። ለቤትሽ ጨው እንጂ ወደዚያው ትመልሺዋለሽ ብዬ መች አሰብኩ? ወላሂ ሐረጌ!»

እንግዲህ እታገኘሁ የገዛ ቆሻሻዋ በስጦታ ሲመለስላት አይታለች ማለት ነው። ያን ክዳን ያቃጠለችው ራሷ ናት፤ እንዴት ትረሳዋለች? ሐረግ ኩሽናውን አሰበችው። ሴትዮዋ ክዳኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ነይ እስቲ እዪ» ስትል፤ የኔአለም መጥታ ስታይ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻለችም። የኔአለም ሐሙስ ነው ከአጅባር የመጣችው፤ ምናልባት ሳትደርስ ተጥሎ ይሆናል። ምናልባት አላየችውም። ይህን «ምናልባት» እንደያዘች ዕቃውን ይዛ ወደ ውኃው በርሜል ሄደች። ዕቃው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ስብ ከነካው ግን ክምሩን ሁሉ ያበላሻል፣ ነጋዴውም እስሩን ፈትቶ ያይና ይመልሳል። ስለዚህ ቅቤው መውጣት አለበት። በዛች «ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ እቀባዋለሁ፤ እኔን ማን ይጸየፈኛል» አለች፤ ቀልድ ልታደርገው ነበር፣ አልሆነላትም። ሐረግ ቅቤውን በእጇ እየዛቀች ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ጣለችው። ለጋ ስለሆነ ከእጇ አልለቅ አለ፤ ሽታው ጥሩ ነበር።

ስልኳ የጠራው ያን ጊዜ ነው። በዛች ከሐረግ ካፖርት ኪስ አውጥታ፣ ከፍታ፣ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። የኔአለም ናት።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ፣ ተኛሽ?»

«የት እተኛለሁ!» ሳቀች። ከበስተኋላዋ ወንበር ሲጎተት ይሰማል።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ዘጠኝ ይላሉ። መንገዱ አይታወቅም።»

«እኔ ስምንት ላይ ብደርስ ይበቃል?»

«እማዬ… እኔ ምን አውቃለሁ። አባባን ጠይቂው።» አባባ የምትለው አምባቸውን ነው።

ሐረግ እስከ አንጓዋ ቅቤ የሆኑ እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ አየቻቸው። «ቅቤውን ተቀባሽው?» አለች።

«አዎ። ትናንት ማታ ተቀባሁት።»

«ሽታው ደስ ይላል አይደል?»

«በጣም። ጥሩ ቅቤ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ» አለች የኔአለም። ከዚያ አንድ ሰው ጠራትና ዘጋችው።

በዛች ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችላት፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሐረግ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ዕቃውን በኦሞ አጠበች፣ አለቀለቀች፣ ደግማ አጠበች፤ ክዳኑን ለብቻ፣ ዕቃውን ለብቻ ወደ ደረቁ ፕላስቲክ ክምር ወረወረቻቸው። ከዚያ ተቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። ክዳን ፈታ፣ ወረቀት ልጣ፣ ውኃ ደፍታ፣ በተረከዟ እየረገጠች፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እስክታሞቀው ድረስ ቀና አላለችም። ልጅቱ እንዳትከፋ ብላ እንደዋሸች ማሰብ ትችላለች፤ እሱም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሰው እንዲህ ሳይንቀጠቀጥ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የተናገረውን ነው።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሀሊማ ትግሥቷ አለቀ። «ተነሺ አንቺ! ቤቴ ቅርብ ነው፣ ውኃ ጥጄልሻለሁ። ታጠቢና ሂጂ።»

«ሳይጠሯት?» አለች በዛች። «ያልጠሩት ቤት ሄዶ መቆም ምንድን ነው? እኔ ብሆን ዓይናቸውን አላየውም።»

«ወልዳ የለም እንዴ? በገዛ ልጇ ማን ነው ጠሪ ማን ነው ተጠሪ? እኔ ብሆን ወላሂ መሐላቸው ገብቼ ነው የምቀመጠው። አብሽሪ ሐረጌ፤ አላህ ያግራልሽ፤ ሂጂ።»

ሐረግ ሄደች። በሀሊማ ጓዳ ቆማ እጇንና አንገቷን ታጠበች፤ ቅቤው ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ነጩ ቀሚስ በካፖርቱ ሥር ጥቂት ተጨማደደ እንጂ አልቆሸሸም። ሀሊማ ከልጇ ሽቶ ትንሽ ረጨችባት፤ ሐረግ መንገድ ስትጀምር ሽቶው የራሷ ስላልሆነ አፈረች።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከደጅ የቆመችው ሚኒባስ ታርጋዋ በጭቃ ተሸፍኗል፤ እንግዶቹ ቀድመው ደርሰዋል። ሐረግ ወደ ሳሎኑ በረንዳ ስትራመድ አዲሱ መጋረጃ በተከፈተው መስኮት እየወጣ እየገባ ነፋስ ይጫወትበታል። የወንዶቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ሸምገል ያለ ሰው፣ ሌሎቹ አቶ ዋለ የሚሉት፣ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው፤ ስለመንገዱ፣ ስለዝናቡ፣ ደጅ ስለመጥናታቸው፣ ቤቱ ስላከበራቸው። ቀጥሎም «ሁሉ በደግ አለቀ፤ ግን አንድ ነገር አለ አቶ አምባቸው» አለ። «ወላጅ እናቷን አላየንም። አባቷ እንዳለፉ ነግራችሁናል። እናትስ? በእኛ አገር የእናት አፍ ‹እሺ› ሳይል ልጅ አይወሰድም።»

ሐረግ ቆመች። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቢቀራት ነው።

«ልክ ነው» አለ አምባቸው፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቷ ወግዲ ናቸው፣ ገጠር። እግራቸው አይታዘዝላቸውም። ለመምጣት ጓጉተው ነበር፣ አልቻሉም። እሺ ብለው፣ መርቀው ልከዋል።»

«እግዜር ይማራቸው» አሉ ሽማግሎቹ።

ያን ጊዜ የኔአለም የጠርሙስ ትሪ ይዛ ከኩሽናው በኩል መጣች። ረዥም ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ከሱቅ በተገዛ ቅባት ያብለጨልጫል፣ ሽታው የአበባ ነው። እናቷን ስታይ ትሪው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ተነካኩ። ሁለቱም በመስኮቱ የተነገረውን ሰምተዋል። የኔአለም ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ እናቷ አየች፤ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «በጓሮ በኩል» አለች። በአገጯም አቅጣጫውን አመለከተቻት።

ሐረግ በሩን አየችው። ብትገባ ወንድሟ በአጅባር ሰዎች ፊት ውሸታም ይሆናል። ሽማግሎቹ ይነሣሉ፤ በአንድ ነገር የዋሸ ቤት በሌላውም ዋሽቶ ይሆናል ይላሉ። ልጅቱ ወደ አጅባር ተመልሳ ካጫት ልጅ ጋር በአንድ ከተማ እንዴት ትኖራለች? ይህን ሁሉ ያሰበችው ትሪው በልጅቱ እጅ ሳይሰክን ነው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በቤቱ ጎን፣ በውኃ ጋኑና በአጥሩ መካከል አልፋ፣ ወደ ኩሽናው ገባች።

ኩሽናው ውስጥ ለዕለቱ የተቀጠረች አልታየች የምትባል ወጥ ሠሪ ብቻዋን ከሦስት ድስት ጋር ትታገላለች። ሐረግን ስታይ «ተመስገን! ረዳት እልክልሻለሁ ብላ ይሄው አሁን ላከች» አለች። «ነጭ ለብሰሽ ነው እንዴ የምትሠሪው እናቴ? በይ ያን ሽንኩርት ያዥልኝ።» ሐረግ ተቀመጠችና ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች። ልጣጩን መሬት አልጣለችም፤ በልማድ ለብቻው አከማቸችው።

አልታየች የምታወራለት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏታል። ስለሥጋው ዋጋ አወራች፣ ዶሮ ስለመወደዱ፣ እመቤቲቱ ቅመም በጭብጥ ስለመስፈሯ አወራች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የልጅቱ እናት ወግዲ ናት አሉ፤ ሰማሽ? እግሯን አሟት ቀረች። ምን ዓይነት እናት ናት እቴ? እኔ ብሆን በእንብርክኬ እየዳሁ እመጣ ነበር» አለች።

«አልቻለች ይሆናል» አለች ሐረግ።

«ኧረ ተይኝ! በቅሎ የለ፣ መኪና የለ? ያልወለደ ሰው እንኳ እንዲህ አይጨክንም። ለነገሩ አሳዳጊዎቿ ደጎች ናቸው፤ ምን ጎደለባት ልጅቱ። ወላጅ ማለት ያሳደገ ነው።»

ሐረግ ቢላዋውን አስቀምጣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። አልታየች አየቻትና «ሽንኩርቱ የመካነ ሰላም ነው፣ ያቃጥላል» አለች፤ ለማጽናናት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከሳሎኑ የእጅ ጭብጨባ፣ ቀጥሎም የእታገኘሁ እልልታ ተሰማ። «ተሰጠች!» አለች አልታየች፤ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽናው ደጅ ወጥታ እልል አለች። ሐረግም ተነሥታ ከኋላዋ ቆመች። እልልታው ከአንጀቷ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም፤ ረዥም ነበር፣ የሳሎኑን ሁሉ ዋጠው። ከውስጥ አንድ ሽማግሌ «ይህችስ ሴት ታውቅበታለች» ሲል ሰማች፤ ሌሎቹ ሳቁ።

አምባቸው ወደ ኩሽናው የመጣው እንግዶቹ ምግብ ሲጀምሩ ነው። ደፉን ሳይሻገር ቆመ። አልታየችን «የእጅ ውኃ አድርሺ» ብሎ ላካትና እኅቱን አያት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ ጋሼ።»

እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ በዕድሩ ስብሰባ ሁሉ የሚናገር ሰው ነው። «ጥር ላይ ተባለ» አለ በመጨረሻ።

«ደግ። እንኳን ደስ ያለህ።»

«ወግዲ ናት ብያቸዋለሁ።»

«ሰማሁ።»

«ሌላ ምን ልበል ሐረጌ? ‹ምን ትሠራለች› ብለው ይጠይቁኛል። የልጁ አባት የተከበረ ሰው ነው። እኔ ለራሴ አይደለም። እንግዲህ ከአሁን በኋላ መመላለሳቸው ነው፤ ከተማው ጠባብ ነው፤ በየበሩ በጋሪ ስትዞሪ አንድ ቀን ቢያዩሽ… እስከ ሠርጉ ወግዲ አክስታችን ዘንድ ብትከርሚ ይሻላል። የሚያስፈልግሽን ሁሉ እሰጥሻለሁ።»

«ሥራዬስ?»

«የምን ሥራ?» አለ አምባቸው። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ በእውነት አልመጣለትም ነበር።

የኔአለም ባዶ ጠርሙስ የሞላ ትሪ ይዛ ከኋላው ቆማለች። ሐረግ ልጇን አየቻት፤ ጠበቀች። ድስቱ ፈልቶ ክዳኑን ያንኳኳ ጀመር፤ የሚያወርደው ሰው የለም። ልጅቱ ጠርሙሶቹን አየች፣ አንዱን በሌላው ጎን አስተካከለች።

«ጋቢ ገዝቼ እልክልሻለሁ እማዬ» አለች።

ሐረግ ኅዳር ሲገባ ወግዲ ሄደች። ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ፤ ከድግሱ የወጣውን ሃይላንድ ሀሊማና በዛች ለዩት።